የበረዶው ተራራ ትምህርት ቤት

በአገራችን ቋንቋ በረዶ የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። በክረምት የቤቱን ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደው በረዶ ነው፤ ውሃ ረግቶ እንደ ድንጋይ ሲጠነክርም በረዶ ነው፤ በሌላው ዓለም ያለ ድምፅ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየወረደ አገሩን ሁሉ የሚያለብሰውም ያው በረዶ ይባላል። በመዝሙረ ዳዊት ሃምሳኛው መዝሙር ላይ በረዶ የንጽሕና ምሳሌ ሆኖ ሲጠራ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማን ሰዎች፣ ምሳሌውን ከነገሩ አስቀድመን አወቅን ማለት ነው። ዛሬ ግን ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በረዶ ወራቱን ሁሉ ከማይለቅበት አገር ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ሰምተው በበረዶ ላይ መንሸራተት እንማር እያሉ ይለምናሉ። ወላጅ ራሱ የማያውቀውን ነገር ልጁ ሊማር ሲነሣ ምን ሊሰጠው ይችላል? ይህ ጥያቄ ቀላል ስላልሆነ ነገሩን በቦታው ተገኝተን ለማየት ወደድን።

በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር አጠገብ ባለችው በአውሮራ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ከተማይቱም ከእኛዋ ከአዳማ ጋር የእኅትማማችነት ስምምነት አላት። ከጥምቀት በኋላ በነበረች አንዲት ቅዳሜ ሁለት የወዳጆቻችን ቤተሰቦች አራት ልጆቻቸውን ለአንድ ሙሉ ቀን የበረዶ ሸርተቴ ትምህርት ሊያስገቡ ሲሄዱ፣ እኛም አብረናቸው ተጓዝን። እነርሱ ክረምት የሚሉት ወራት የእኛ በጋ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጉዞው ሳይነጋ ተጀመረ፤ በቅዳሜ ጠዋት ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወጣው አውራ ጎዳና ቁጥር 70 ወደ ተራራው በሚጎርፉ መኪናዎች ይጨናነቃልና። ከመስከረም እስከ ግንቦት ድረስ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ የሚሄድ መኪና ለበረዶ የሚሆን ጎማ እንዲኖረው ወይም ሰንሰለት እንዲይዝ የግዛቲቱ ሕግ ያዛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ወርቅ የተገኘባትን አይዳሆ ስፕሪንግስን አልፈን ወደ ጆርጅታውን ስንቃረብ፣ ቀንዳቸው የተጠማዘዘ የዱር በጎች በገደሉ ላይ ቆመው አየን። ከአዲስ አበባ ልጆቿን ልትጠይቅ የመጣችው አያት መስኮቱን ጠርጋ፣ «ዋልያ እዚህም አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ላቭላንድ የሚባለው የበረዶ ሸርተቴ ስፍራ ከዴንቨር 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 የተከፈተው የአይዘንሃወር ዋሻ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት ተራራውን በሥሩ ይበሳዋል፤ ከዚያ በፊት መንገደኛ ሁሉ 3,655 ሜትር ከፍታ ባለው በላቭላንድ በር ላይ ለመውጣት ይገደድ ነበር። የስፍራው ግርጌ እንኳ 3,290 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ከእንጦጦ አናት ጥቂት ይበልጣል፤ ጫፉም ከ3,900 ሜትር ያልፋል። ቦታው በሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ ለለመዱት፣ ላቭላንድ ቫሊ የሚባለው ሁለተኛው ደግሞ በተለይ ለጀማሪዎች የተመደበ ነው። ጀማሪዎች ከላይ በፍጥነት ከሚወርዱት ተለይተው መማራቸው ለወላጅ ልብ ታላቅ ዕረፍት ነው።

የልጆቹ ትምህርት የሚጀምረው ግን በበረዶው ላይ ሳይሆን ወላጅ በሚሞላው ወረቀት ላይ ነው። የሙሉ ቀን ትምህርት ብዙውን ጊዜ አስተማሪውን፣ የሊፍቱን ቲኬት፣ የመሣሪያውን ኪራይና ምሳውን አንድ ላይ ያጠቃልላል፤ ቦታው ቶሎ ስለሚሞላም አስቀድሞ ማስመዝገብ ይገባል። ወረቀቱ የልጁን ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ይጠይቃል። ይህን በግምት መሙላት አይገባም። የስኪው ማሰሪያ ልጁ ሲወድቅ ጫማውን ለቅቆ እግሩን ከመሰበር እንዲያድን የሚስተካከለው በነዚህ ቁጥሮች ነውና፤ ክብደቱ ተጨምሮ ቢጻፍ ማሰሪያው በሚያስፈልግበት ጊዜ አይለቅም፤ ተቀንሶ ቢጻፍም ያለ ጊዜው ይለቃል። «በበረዶ ላይ ሄዶ ያውቃልን?» የሚለውንም ጥያቄ ለክብር ሳይሉ በእውነት መመለስ ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር ጉዳት ቢደርስ አልከስም የሚል ውል ለፊርማ ይቀርባል። በኮሎራዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በወጣ ሕግ ወላጅ ስለ ልጁ ሆኖ እንዲህ ያለውን ውል መፈረም ይችላል፤ በ2024 ግን የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ተቋሙ የሊፍትና የሸርተቴ ደኅንነት ሕግን በመጣሱ ለሚደርስ ጉዳት ይህ ፊርማ ከኃላፊነት እንደማያድነው ፈርዷል። ከአባቶቹ አንዱ ተሰልፎ የሚጠብቀውን ሕዝብ ሳያፍር፣ ወረቀቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ ፈረመ። ለልጅ የሚገባው አባትነት እንዲህ ያለው ነው።

የምሳውም ነገር አይረሳ። ለልጆች የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ሥጋና አይብ ያለበት ስለ ሆነ፣ ልጁ በጾም ወራት የሚሄድና የሚጾም ከሆነ ምግቡን ቋጥሮ መላክና ለአስተማሪው መንገር ይበቃል። ወዳጆቻችን ቅዳሜን የመረጡትም እሑድ ቅዳሴው እንዳይቀር ብለው ነው።

ስለ ልብስ ብልሃቱ ቀላል ነው። ጥጥ ላብና በረዶ ጠጥቶ ሰውነትን ያቀዘቅዛልና ከሥር አይለበስም፤ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ ከላይም ውሃ የማያስገባ ካፖርትና ሱሪ ያስፈልጋል። ካልሲ አንድ ብቻ ይበቃል፤ ሁለት ቢደረብ ጫማው እግርን አጥብቆ ደሙን ያግዳል፣ እግሩም ይበልጥ ይበርዳል። የራስ ቁር፣ መነጽርና ጓንት ግዴታ ናቸው ማለት ይቻላል። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ ጥቁር ቆዳ ያለውም ልጅ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ስለ ሆነ ልጁ ውሃ ደጋግሞ ይጠጣ፤ ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ማስታገሻ ሰጥቶ ከማቆየት ወደ ታች ይዞት መውረድ ይሻላል።

ረፋዱ ላይ አስተማሪዎቹ ልጆቹን ተረከቡ። ሦስቱ ስኪ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ስኖውቦርድ መርጠዋል። የስኪ ተማሪዎች በመጀመሪያ የተማሩት መሮጥን አልነበረም፤ አወዳደቅን፣ አነሣሥንና አቋቋምን ነው። ፍጥነት ለመቀነስ የሁለቱን ስኪዎች ጫፍ አቀራርቦ ኋላቸውን መክፈት ነው፤ አስተማሪዎቹ ይህን ለልጆች «ፒዛ» ይሉታል፣ የፒዛ ቁራጭ ይመስላልና። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተካከል ደግሞ «ጥብስ ድንች» ይባላል። ወደ ላይ የሚወጡት መሬት ለመሬት በሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ ቆመው ነው፤ የወንበር ሊፍቱ የሚመጣው መቆም ለቻለ ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአገራችን አባባል በዚያ ስፍራ ቃል በቃል ሲፈጸም አየን።

ስኖውቦርድ ሌላ ነው። ሁለቱም እግሮች በአንድ ሳንቃ ላይ ይታሰራሉ፤ ማሰሪያውም በውድቀት ጊዜ አይለቅም። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከስኪ ይልቅ ዘግይተው፣ ከፍ ላሉ ልጆች የሚፈቅዱት ስለዚህ ነው። ጀማሪ አንድ ጊዜ በተረከዙ፣ አንድ ጊዜ በጣቶቹ በኩል እየተደገፈ ሲማር በመቀመጫውና በእጁ ላይ ደጋግሞ ይወድቃል። መዳፉን ዘርግቶ የሚወድቅ ልጅ የእጁን አንጓ ይጎዳልና፣ እጁን ጨብጦ በክንዱ እንዲያርፍ ይማራል፤ የአንጓ መከላከያም ቢያደርግ መልካም ነው።

እኛ ከአጥሩ ወዲህ ቆመን እንመለከት ነበር። የስድስት ዓመቱ ልጅ በግንባሩ ተደፍቶ ሲቀር እናቱ ሳታስበው ልትሮጥ ተነሣች፤ አያትም ነጠላዋን አጥብቃ፣ «ኧረ ልጁን አንሡት!» አለች። አስተማሪዋ ግን አጠገቡ ተንበርክካ፣ እጇን ሳትሰጠው፣ ስኪዎቹን ወደ ቁልቁለቱ አግድም እንዲያዞር በጣቷ ብቻ አሳየችው። ልጁ ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ተነሣ። በምሳ ሰዓት ፊቱ ቀልቶ መጣና እናቱን አይቶ፣ «እማዬ፣ መውደቅ ችያለሁ!» አላት። መውደቅን እንደ ዕውቀት የቆጠረ ልጅ ስናይ ተደነቅን። እናቱ ሮጣ አንሥታው ቢሆን ኖሮ ይህን ዕውቀት ባልያዘ ነበር።

ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ጨዋታ ነው፣ ለእኛ ልጆች ምን ያደርግላቸዋል የሚሉ አይጠፉም። አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለ ማርያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010ም በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታዎች የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በስኪ ተወዳድሯል፤ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም እርሱ ነው። የእርሱ ስኪ ከተራራ የሚወረድበት ሳይሆን ረጅሙን መንገድ በትዕግሥት የሚሄዱበት ዓይነት ነበር፤ የረጅም መንገድ ትዕግሥት ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ወጪው ግን ከባድ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ስለዚህ ለአንድ ቀን ሙከራ መሣሪያ አይገዛ፤ ይከራዩ፣ ልብሱንም ከጎረቤት ይዋሱ፤ አቅም ካልፈቀደም ልጅን በዚህ ምክንያት ከጓደኞቹ በታች አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው።

የሚያስመዘግብ ወላጅ ግን ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንድ አስተማሪ ስንት ልጆች ይይዛል? ልጁ ቢታመም ወይም ቢደክም ወላጁን ማን፣ እንዴት ይጠራዋል? በመጨረሻም ልጁን ማን ፈርሞ ይረከባል? ልጁንም አንድ ሕግ አስይዞ ይላከው፤ በቁልቁለቱ ከፊት ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፣ ከኋላ የሚመጣው ይጠነቀቃል።

እንግዲህ ወላጅ የማያውቀውን ተራራ ለልጁ ሊያስተምረው አይችልም። ወረቀቱን በእውነት መሙላት፣ ልብሱን ማሟላት፣ ጥሩ አስተማሪ መምረጥ፣ ከዚያም ከአጥሩ ወዲህ መቆም ግን ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው እንደ ሆነ በእናቲቱ ፊት ላይ አንብበናል።