ሳልጮህ ያየሁት ጨዋታ

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። በሰፈራችን የታዳጊዎች ቡድን የቀኝ መስመር ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል። አምና በጥሎ ማለፍ ጨዋታ በመለያ ምት ሲሸነፉ የመጨረሻውን ምት የሳተው እሱ ነበር። ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ከሜዳው ዳር «በግራ! በግራ ምታት!» ብዬ የጮህኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ቀና ብሎ አየኝ፣ መታ፣ ኳሷ ወደ ውጭ ወጣች። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ዘንድሮ ሩብ ፍጻሜ ደረሱ። እራት ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባዬ፣ ቅዳሜ ባትመጣስ?» አለኝ። እናቱ ቀና ብላ አየችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

በማግስቱ ላደፋፍረው አሰብኩና የብሔራዊ ቡድናችንን ታሪክ አነሳሁለት። በሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፎ እንደመጣ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 እንዳሸነፈ፣ ድምሩ 5 ለ 5 ሲሆን ከሜዳው ውጭ ያገባቸው 3 ጎሎች ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ እንዳበቁት ነገርኩት። «አየህ፣ በተሸነፉበት ቀን ያገቡት ነው ያሳለፋቸው» አልኩት።

«የእኛ ግን አንድ ጨዋታ ነው አባዬ። መልስ የለውም።»

እውነቱን ነው። ምክሬን ትቼ ወደ አሰልጣኙ ሄድኩ። ወጣት ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ልጆቹ የሚፈሩት ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ሲቀሩ ነው» አለኝና ለእያንዳንዱ ልጅ የሰጠውን ሥራ አስረዳኝ። የልጄ ሥራ ሦስት ነገር ብቻ ነበር። የተጋጣሚው የግራ ክንፍ ተጫዋች ፈጣን ስለሆነ እግሩ ሥር ዘሎ እንዳይገባ፣ ይልቅ ወደ መስመሩ እየገፋ እንዲያዘገየው። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች በራሳቸው ግብ አካባቢ ኳስ እንዳያንከባልል። በማዕዘን ምት ጊዜ ደግሞ ኳሷን ብቻ እያየ የሚይዘውን ልጅ እንዳይረሳ። ቢመሩ ምን እንደሚያደርጉ፣ ቢመሩባቸው ማን ወደ ፊት እንደሚሄድ፣ አምስቱ መለያ ምት መቺዎች እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ልጄ ሦስተኛው ነው። በፈቃዱ ነው እጁን ያወጣው።

ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ለእሱ ግን ምንም አላልኩም።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ በቆርቆሮ በራችን ላይ በጠመኔ ግብ ሥሎ ይመታል። አሰልጣኙ ያስተማረው ቅደም ተከተል አለው፦ ኳሷን ከማስቀመጡ በፊት ማዕዘኑን ይመርጣል፣ አንዴ ከመረጠ አይቀይርም፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ ይሮጣል። ቆሜ ሳየው ዞር አለና፣

«አባዬ፣ ጩህብኝ» አለኝ።

«ምን?»

«እንደ አምናው። በግራ በለኝ።»

መጀመሪያ ድምፄ አልወጣ አለኝ። ከዚያ ጮህኩ። «በግራ!» ስል በቀኝ መታ። «በቀኝ!» ስል በግራ መታ። አንዱን ሳተና ሳቀ። ጎረቤታችን እማማ በበራቸው ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ቆርቆሮው ምን አደረጋችሁ?» እስኪሉ ድረስ እሱ መታ፣ እኔ ጮህኩ። ሲመሽ ኳሷን አንስቶ፣ «ከፈለግህ ና» አለኝ።

አርብ ማታ ቦርሳውን ራሱ አዘጋጀ። ለጨዋታው ብዬ የገዛሁለትን አዲስ ታኬታ ትቶ እግሩ የለመደውን አሮጌውን ያዘ። ጨዋታው 3 ሰዓት ስለሆነ ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ ዳቦ በማርና ሻይ ቀመሰ። ስንወጣ ባለቤቴ በፌስታል ቆሎ ሰጠችኝ። «ያዝ፣ አፍህ ሥራ አይፍታ» አለችኝ።

መደበኛው ጊዜ 1 ለ 1 አለቀ። ያ ፈጣን ልጅ አንዴ ብቻ ነው ልጄን ያለፈው። መለያ ምት ላይ ተራው ሲደርስ አፌን በቆሎ ሞላሁ። ኳሷን አስቀመጠ፣ ተነፈሰ፣ ወደ እኔ አላየም። በቀኝ በኩል አገባት።

ቡድኑ ግን በመጨረሻው ምት ተሸነፈ። የሳተው ልጅ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ቀድሞ ደርሶ እጁን ይዞ ያነሳው የእኔ ልጅ ነበር። አባቱ ከዳር እየጮኸ ሲመጣ አየሁና መንገዱ ላይ ቆሜ ከፌስታሉ ቆሎ ዘገንኩለት።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ብዙ አወራ፤ ስለ ማዕዘን ምቱ፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ ጓደኛው ማዘን። ሰፈር ልንደርስ ስንል ወደ ፌስታሉ አየና፣

«አባዬ፣ ቆሎው አለቀ እንዴ?» አለኝ።