ዋልዙ የማን ነው?

ታናሽ እህቴ ልታገባ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። በአዳራሽ ኪራይ አይደለም፣ በምግቡ አይደለም፣ በተጠሪ ብዛትም አይደለም። በሙዚቃ ነው። ያውም አራት ደቂቃ ገደማ በሚሆን ሙዚቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘንድሮ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ብቻቸውን መሃል ገብተው የሚደንሱባት ሰዓት አለች አይደል? አብዛኛው ሰው ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን ይመርጣል። እህቴ ግን ግጥም የሌለው፣ በትልቅ ኦርኬስትራ የሚመታ ዋልዝ መረጠች፤ የአራም ካቻቱሪያንን «ማስካሬድ»። «ከየት አመጣሽው?» ስንላት «ከበረዶ ላይ» አለችን። ጃፓናዊቷ ማኦ አሳዳ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ዋልዝ ታጅባ በበረዶ ላይ ስትወዳደር የሚያሳይ ቪዲዮ ተማሪ ሳለች አይታ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙዚቃው ከጆሮዋ አልወጣም። «ሳገባ በዚህ ነው የምደንሰው» ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ኖሯል። እኛ አናውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ፣ ሙሽራውም አጎታችንም አክስታችንም ባሉበት ስልኳን ከስፒከሩ ጋር አገናኝታ ከፈተችው።

ላልሰማችሁት ልንገራችሁ። ሲጀምር ቀስ ብሎ አይጀምርም። ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ዱም-ጫ-ጫ፣ ዱም-ጫ-ጫ ብሎ ይነሳል። ከዚያ ቫዮሊኖቹ ዜማውን ይዘው ይመጣሉ፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። የሚያምር ነገር ነው፤ ግን ውበቱ ውስጥ የሆነ የሚያስፈራ ነገር አለ። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት እየሳቀች ስትሽከረከር ይታያችሁና፣ ወዲያው ደግሞ «ኧረ ትወድቃለች!» ያሰኛችኋል። መሃል ላይ ቀለል ይልና ትንፋሽ ያስገኛል። ከዚያ ያ የመጀመሪያው ይመለሳል።

ሲያልቅ ዝም ተባለ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ተናገረ።

አክስቴ «ውይ ደስ ሲል!» አለች። ገና ሲጀምር ትከሻዋ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። አልፈረድኩባትም፤ የእኛም ችክችካ ሦስት ሦስት እየተባለ የሚቆጠር ነውና ትከሻ ዋልዙን እንግዳ አላደረገውም።

ሙሽራው «የፊልም ሙዚቃ ይመስላል። አንድ ሰው ሊሞት ሲል የሚገባው ዓይነት» አለ። ምን እንዳለ ራሱም አላወቀም።

እማዬ ጀበናውን አስቀምጣ «ይሄ አሁን የሰርግ ነው የለቅሶ?» ብላ ጠየቀች። እየቀለደች አልነበረም። ዓይኗ እርጥብ ብሏል።

ጋሼ ግን (አጎታችንን ነው) ምንም አላሉም። ሲኒያቸውን ይዘው ወለል ወለሉን ያያሉ። ጋሼ በደርግ ጊዜ ሞስኮ የተማሩ መሐንዲስ ናቸው። የቋንቋ መሰናዶ ዓመታቸው ላይ መምህራቸው ፑሽኪንንና ሌርሞንቶቭን እያስነበበች ነው ሩሲያኛ ያስጠናቻቸው። ቆይተው ቀና አሉና «ልጄ፣ ይሄ ዋልዝ ምን ላይ እንደሚመታ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አላውቅም።»

ነገሯት። እኔም ያኔ ነው የሰማሁት።

«ማስካሬድ» የሌርሞንቶቭ ተውኔት ነው። ሌርሞንቶቭ ማለት ፑሽኪን በሞተ ጊዜ በጻፈው ግጥም ምክንያት ወደ ካውካሰስ የተጋዘው ባለቅኔ ነው። ተውኔቱ ውስጥ አርቤኒን የሚባል የፒተርስበርግ መኳንንት አለ፤ የቀድሞ ቁማርተኛ። ኒና የምትባል ወጣት ሚስት አለችው። የጭምብል ግብዣ ላይ ኒና አምባሯ ይጠፋባታል። አንዲት ሌላ ወይዘሮ አምባሩን አግኝታ፣ ፊቷን እንደሸፈነች፣ ለአንድ ልዑል ማስታወሻ ብላ ትሰጠዋለች። ልዑሉ ደግሞ ይዞት እየኮራ ለአርቤኒን ያሳየዋል። አርቤኒን መጀመሪያ የት እንዳየው ትዝ አላለውም፤ ቤቱ ገብቶ የኒና አምባር መጥፋቱን ሲያይ ግን ገባው። አለቀ። ጠይቋት ብትነግረውም አላመናትም። ሌላ የዳንስ ግብዣ ላይ በአይስክሬም መርዝ አድርጎ ሰጣት። ንጹሕ መሆኗን ያወቀው ከሞተች በኋላ ነው። አበደ።

«እንግዲህ ይሄ የዚያ ግብዣ ዋልዝ ነው» አሉ ጋሼ።

ሙሽራው ሲኒውን አስቀመጠ። «በቃ፣ ሌላ እንፈልግ» አለ። «ሚስቱን በመረዘ ሰውዬ ሙዚቃ ሰርጌን ልጀምር? ይሄ ሟርት ነው።» አክስቴም ትከሻዋን ሰበሰበች። «እውነቱን ነው፣ ምን በወጣን!» ከአምስት ደቂቃ በፊት ደስ ያላት ሙዚቃ እኮ ነው። አንድም ኖታ አልተቀየረም።

እህቴ ምንም ሳትናገር ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁን የምጽፈውን አስፈቅጃት ነው። ከዚህ ሰው በፊት እህቴ ሌላ እጮኛ ነበራት። ቤታችን የሚወደድ፣ ጨዋ፣ ሥራ ያለው ልጅ። ይቀናል። መጀመሪያ «ከማን ጋር ነበርሽ?» ነበር። ቀጥሎ ስልኳን መፈተሽ መጣ። አንድ ቀን የቢሮ ባልደረባዋ የሰጣትን የልደት ስካርፕ አይቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠይቃት አደረ። በማግስቱ እያለቀሰች መጥታ ስትነግረኝ እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ስለሚወድሽ እኮ ነው።» ይቺን ነው ያልኳት። ታላቅ ወንድም ነኝ ብዬ፣ ምክር መስጠቴ ነው። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ቆየች። ሰባት ወር! የተለያዩትም በራሷ ጥንካሬ እንጂ በእኔ እርዳታ አይደለም።

ጋሼ ስለ አምባሩ ሲያወሩ እኔ ይታየኝ የነበረው ያ ስካርፕ ነው። እሷም እንደዚያው እንደሆነ ገብቶኛል። ተከትያት ጓዳ ገባሁ። ሲኒ ታጥባለች።

«ያኔ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?» አልኳት።

«ስለሚወድሽ ነው ያልከኝን?» ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ውሃውን ዘጋችው። «አራት ዓመት ፈጀብህ» አለችና ፈገግ አለች። እኔ ግን ፈገግ ማለት አልቻልኩም።

የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ስለዚህ ዋልዝ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አነጋሁ።

ካቻቱሪያን እ.ኤ.አ. በ1903 ትብሊሲ የተወለደ አርመን ነው። አርመንና ሙዚቃ ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን «አርባ ልጆች» ከነአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ታስታውሳላችሁ። ዋልዙ የተሠራው ሞስኮ በሚገኘው በቫክታንጎቭ ቲያትር ለቀረበው «ማስካሬድ» ነው። ተውኔቱ መታየት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ አዲስ አበባ ከገቡ ሰባት ሳምንት እንኳን አልሞላም ማለት ነው። እኛ ከጦርነት ስንወጣ እነሱ ሊገቡ ነበር፤ በማግስቱ፣ ሰኔ 15፣ የሂትለር ጦር ሶቪየት ኅብረትን ወረረ። በወሩ ገደማ ቲያትር ቤቱ ራሱ በቦምብ ተመታ። እስቲ አስቡት፣ ያን ምሽት ዋልዙን ሰምተው እያንጎራጎሩ ወደ ቤታቸው የገቡ ሰዎች ነበሩ። ምን እንደሚነጋ ሳያውቁ።

ከሁሉ በላይ ቀጥ ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተውኔቱ ውስጥ ኒና ራሷ ስለ ዋልዙ ትናገራለች። ከግብዣው ቤቷ ገብታ፣ ያ አዲስ ዋልዝ እንዴት እንደሚያምር፣ ስትደንስ ኀዘን ይሁን ደስታ ያልለየለት ስሜት ልቧን እንደያዘው ታወራለች። ይህን ስትል አይስክሬሙን በልታለች። መርዙ ውስጧ ነው፤ እሷ አታውቅም። ካቻቱሪያንን ሲያስጨንቀው የነበረውም ይሄው ነው ይባላል፤ ኒና እንዲህ ያመሰገነችውን ዋልዝ መጻፍ ነበረበታ! ጽፎ ሲጨርስም ማስታወሻነቱን የሰጠው ለደራሲው አይደለም፣ ለአዘጋጁም አይደለም፤ ኒናን ሆና ለተጫወተችው ተዋናይት፣ ለአላ ካዛንስካያ ነው።

ጠዋት ይህን ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። እኔ እንዲያውም «ተዪው፣ ሌላ እንፈልግ» ልላት ነበር ያሰብኩት። ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦

«ታዲያ ዋልዙ የማን ነው? የሰውዬው ነው የሷ?»

መልስ አልነበረኝም።

«እሷ ወዳው ነበር አይደል? ሕይወቷን ቀማት፤ ሙዚቃዋንም ለሱ እንስጠው እንዴ?»

ይህንኑ ለእጮኛዋም ነገረችው። እሱ ጥሩ ሰው ነው፤ የፈራውም ለሷ ብሎ ነው። የስካርፑን ታሪክ ያውቃል። «እስቲ ስጪኝ» ብሎ በማዳመጫ ብቻውን ሰማው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሺ። ግን እኔ መደነስ አልችልም።» ጭቅጭቁ በዚህ አለቀ። ቀሪው ሁለት ሳምንት ሳሎናችን ውስጥ አንድ-ሁለት-ሦስት ሲቆጠር አለፈ።

የሰርጉ ዕለት መብራቱ ደብዘዝ አለና ያ ዱም-ጫ-ጫ አዳራሹን ሞላው። መጀመሪያ ሰው ደነገጠ። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ «ምን መጣ?» ብለው ወደ በር ዞሩ። ከዚያ ቫዮሊኖቹ ገቡ፣ እህቴም መዞር ጀመረች። ሙሽራው ሁለት ጊዜ ቀሚሷን ረገጠው፤ በሁለቱም ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ሕፃናቱ ማንም ሳይጠራቸው መሃል ገብተው ይሽከረከራሉ። አክስቴ አላስቻላትም፣ እልልታውን አቀለጠችው። እልልታ በዋልዝ ላይ! እመኑኝ፣ ይሄዳል።

እማዬን አየኋት፤ ታለቅሳለች። ጠጋ ብዬ «የሰርግ ነው የለቅሶ?» አልኳት።

«ልጅ ስትድሪ ሁለቱም ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከእህቴ ላይ ሳትነቅል። ሌርሞንቶቭን አላነበበችም። ኒና የተናገረችውንም አልነገርኳትም።

ጋሼ ቆመው ነበር፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። ሲያልቅ ወደ እኔ መጡ። «አርባ ዓመት ሙሉ ይሄንን ስሰማ የሰውየው ቅናት ነበር የሚሰማኝ። መርዙ፣ እብደቱ» አሉ። «ዛሬ ገና ልጅቷን ሰማኋት።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለመሆኑ አይስክሬም አላዘጋጃችሁም አይደል?» ብለው አሳቁኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ እስከ ዛሬ ስሰማው ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ያ የመጀመሪያው ዜማ ሊመለስ ሲል፣ ጓዳ ውስጥ ሲኒ የምታጥብ እህቴ ትታየኛለች። ምናልባት ለእኔ እንደዚያ መሰማቱ ተገቢ ነው። ለሷ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው እያያት፣ የማይፈትሻት ሰው እጅ ውስጥ ሆና የሳቀችበት ሙዚቃ ነው።

ወዳጆቼ፣ ታሪኩን ነግሬ ካበላሸሁባችሁ አትቀየሙኝ። አንድ ነገር ሞክሩ፤ ምንም ለማያውቅ ሰው፣ ለእናታችሁ ወይም ለልጃችሁ፣ ስሙንም ሳትነግሩ አሰሟቸው። ከዚያ ያሉትን እዚህ ጻፉልኝ።

አንዲት ሴት ግን «ይቀናብኛል» ብላ እያለቀሰች ብትመጣባችሁ፣ እኔ ያልኳትን አትበሏት።