ሂስ እንጂ ሐሜት የለም

መቼም እኛ ሰውን ፊት ለፊት ከመንቀፍ ይልቅ ጓሮ ዞረን ማማት ይቀናናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች የሚጽፉት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፣ ዊኪፔዲያ፣ ግን ጓሮ የለውም። ማን ምን እንደጻፈ፣ ማን ምን እንደሰረዘ ለሁሉም ይታያል፤ ለየጽሑፉም የውይይት ገጽ አለው።

እዚያ የደረሰኝ የመጀመሪያው ሂስ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ምንጭ?» የምትል። ስለ አንድ ሐይቅ ጥልቀት ጽፌ ነበር። ውሸታም የተባልኩ ያህል ከነከነኝ። መጽሐፉን አገላብጬ ገጹን ጠቀስኩ። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ለአንባቢው ግን መተማመኛ አገኘ።

ቆይቶ ተራው የእኔ ሆነ። አንድ ወጣት የትውልድ ከተማውን «በዓለም ተወዳዳሪ የሌላት» ብሎ ጻፈ። አንድ ቁልፍ ተጭኖ መሰረዝ ቀላል ነው። የዊኪፔዲያ ልማድ ግን የሌላውን ቅንነት አስቀድመህ ገምት፣ አዲስ መጤውን አታስደንብር ይላል። ደግሞስ በእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ሲኖር የእኛው 20,000 እንኳ አልሞላ፤ አንድ ጸሐፊ ተቀይሞ ቢሄድ ማን ይተካዋል?

«ፍቅርህ ገብቶኛል» አልኩት፤ «ለማያውቃት ሰው ግን ገበያዋ መቼ እንደሚውል፣ መቼ እንደተቆረቆረች ንገረው።»

በሦስተኛው ቀን መልሱን ከነምንጩ ይዞ ተመለሰ።