ቪትዝ፣ ኤክስትሬይል ወይስ ሱዙኪ? የእህቴ የስድስት ዓመት ላብ

ይኸውላችሁ፣ በአዲስ አበባ ስለ ኳስ፣ ስለ ትዳርና ስለ መኪና የማያውቅ ሰው የለም። በተለይ ስለ መኪና፣ መኪና የሌለው ሰው የሚያውቀውን ያህል ባለመኪናው ራሱ አያውቅም። አንድ ማኪያቶ ይዞ ሰዓት ሙሉ "ቶዮታ ማለት እኮ…" እያለ ያስተምራችኋል። እኔም መኪና የለኝም፤ እንግዲያውስ ማስተማር እችላለሁ ማለት ነው!

ቀልዱን እንተወውና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ታላቅ እህቴ ቤሩት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ከመጣች ወዲህ እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎችና ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ለማድረሻ በየቀኑ ለኮንትራት ታክሲ የምትከፍለው ገንዘብ ትርፏን እየበላ ስላስቸገራት፣ የተረፋትን ጥሪት ከእቁቧ ጋር ደምራ መኪና ልትገዛ ቆረጠች። ጉድ የፈላው ይኼን ጊዜ ነው! አጎታችን "ከቶዮታ ውጪ ከገዛሽ ገንዘብሽን እሳት ውስጥ ጨመርሽው በይ" አሏት። የባለቤቷ ልብ ደግሞ ኒሳን ኤክስትሬይል ላይ ነው። ከፍ ያለች፣ ሰፊ፣ ሠርግ ቤት ደጃፍ ሲያቆሟት የምታስከብር። ጎረቤቷ "ሱዙኪ ዲዛየር ግዢና ተገላገይ" ትላለች። ባልና ሚስት በዚሁ ጉዳይ አንድ ሳምንት ያህል ሳይነጋገሩ ከረሙ። እህቴ በመጨረሻ እኔን ጠርታ "አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ? እስቲ አንድ ቀን እንኳ የሚጠቅም ነገር አጣራልኝ" አለችኝ። ነገሯ ወጋ ቢያደርገኝም ተነሣሁ።

ከጋራዥ ጋራዥ ስዞር መጀመሪያ የገባኝ ነገር ቢኖር ሰዎች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ አድርገው እንደሚያወሩ ነው። "መኪናው ይበረክታል ወይ?" የሚለው አንድ ነው። "ሲበላሽ ስንት ያስወጣኛል?" የሚለው ሌላ ነው። ሆንዳን ውሰዱ። በዓለም ላይ በብርታቱ ከቶዮታ እኩል ስሙ የሚጠራ መኪና ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ መለዋወጫውን የሚያስመጣ ነጋዴ ጥቂት ነው፣ የፈታታው መካኒክ ጥቂት ነው፣ ልትሸጡት ስትሉም የሚገዛችሁ ጥቂት ነው። በአምስት ዓመት አንዴ የሚበላሽ መኪና ያ አንድ ቀን ሲመጣ ዕቃው እስኪገኝ ሁለት ወር ቢቆምባችሁ፣ እንጀራ የምታደርስ ሴት ሁለት ወር ሙሉ ተመልሳ የታክሲ ገባር ሆነች ማለት ነው።

ቪትዝን ያነገሠው ይኸው የቁጥር ነገር ነው። ቪትዝ አይበላሽም ያላችሁ ሰው ዋሽቷችኋል፤ ይበላሻል። ነገር ግን በተበላሸበት ሰፈር የሚጠግነው ልጅ አይጠፋም። ኦርጂናሉ ቢወደድባችሁ ኮፒው አለ፣ ኮፒውን ከናቃችሁ መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ከሌላ መኪና የተፈታ ትገዛላችሁ። (ማታ ከደጃችሁ የተሰረቀ ስፖኪዮ ጠዋት እዚያው ተሰቅሎ "የኔን መልሼ ገዛሁት" የሚለውን የከተማችንን ቀልድ ሰምታችሁ ይሆናል። የሚገርመው ቀልድ አለመሆኑ ነው።)

አሁን ደላላ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ቪትዝ የሚለው ስም ጃፓን ውስጥ ብቻ የሚሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ በ2020 ቀርቷል። ያው መኪና ለሌላው ዓለም ሲላክ ያሪስ ይባላል። ጃፓኖች ደግሞ እንደ እንግሊዞች መሪያቸው በቀኝ ነው። ታዲያ መሪው በግራ የሆነ ቪትዝ ከየት መጣ? ወይ ያሪስ ነው፣ ወይ ደግሞ መሪው መንገድ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ዱባይ አካባቢ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሯል። ማዛወር ማለት ዳሽቦርዱን ማውጣት፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ላሜራ መቅደድና መበየድ ነው። በደንብ የተሠራ አለ፣ እንደ ነገሩ የተለጠፈም አለ። ኮፈኑን ከፍታችሁ የብየዳውን መስመር ካላያችሁ በቀር በቀለሙ አታውቁትም።

ጃፓን ራሷ እነዚህን መኪኖች ለምን ጣለቻቸው ካላችሁ፣ "ሻከን" የሚሉት ጥብቅ የመንግሥት ምርመራ አላቸው። አዲስ መኪና በሦስተኛ ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፤ ወጪው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙው ጃፓናዊ ገና ደህና የሆነውን መኪና ይሸኘዋል። እኛ ዘንድ ሲደርስ "ከሴት ወይዘሮ እጅ የወጣ" ይባልለታል።

እህቴን ይዤ የሄድኩት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በዘይት የታሹ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ የቱን ትግዛ?" ብላቸው መኪናውን ሳይሆን ሊብሬውን አምጣ አሉኝ። የሻንሲው ቁጥር "ኤስሲፒ 10" ብሎ ከጀመረ የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1.0 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። "ኤንሲፒ 10" ካለ የዚያው ዘመን ባለ 1.3 ነው። "ኬኤስፒ 90" ካለ እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው። ይኼ ባለ ሦስቱ ሞተር፣ ቶዮታ ቢባልም የነደፈው ዳይሃትሱ ነው። ነዳጅ ላይ ቆጣቢ ነው፣ ቆሞ ሲነሣ ግን ይንቀጠቀጣል። "ሞተሩ ሊወርድ ነው" ብሎ ገንዘብ የሚቀበላችሁ መካኒክ አይጠፋም፤ ተፈጥሮው ነው። ሦስቱም ሞተሮች በታይሚንግ ቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት ነው የሚሠሩት። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ቺንጋ በጊዜው ካልተቀየረ ድንገት ይበጠሳል፣ በብዙ ሞተሮች ላይ ሲበጠስ ቫልቮቹን አጣሞ ይሄዳል። ሚትሱቢሺ ኤል 200 ፒክአፕ ላይ ያለው የድሮው 2.5 ሊትር ናፍጣ ሞተር ቺንጋ አለው፤ የድሮዎቹ ሃይሉክስና ሚኒባሶች ናፍጣ ሞተርም እንደዚሁ። ቶዮታ ነው ብላችሁ አትተኙ!

ባለ 1.0ዋን ስለ ሽቅብ ጠየቅኋቸው። የእህቴ ደንበኞች ግማሾቹ ሽሮ ሜዳ በኩል ናቸው። ጋሼ ሳቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ሲደርስ ያጣል። ትንሹ ሞተር ላይ እንጀራ ጭናችሁ፣ ሁለት ሰው ጨምራችሁ ሽቅብ ስትሉ ትሰሙታላችሁ።

ሌላም ነገር ነገሩን፣ ለእኔ ከሁሉም የበለጠው ይኼ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሰዉ ግን ኩላንት ውድ ነው እያለ ራዲያተሩን የቧንቧ ውኃ ይሞላዋል። ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ አሉሚኒየሙ ቴስታታ ይጣመማል። ከዚያ ሁሉም "ይኼ ብራንድ አይረባም" ይላል። ጋሼ እንደሚሉት እሳቸው ዘንድ ቴስታታው ተጣሞ ከሚመጣው መኪና የሚበዛው የገደለው የራዲያተር ክዳን ነው፤ ቶዮታም ኒሳንም ቢሆን።

ወደ ባለቤቷ ኤክስትሬይል ልምጣ። ኒሳንን አልጠላም። የድሮዎቹ ሳኒዎችና የናፍጣ ፒክአፖቹ ስንቱን ገጠር የዞሩ ናቸው። ነገሩ ያለው ካምቢዮው ላይ ነው። ባለቤቷ የመረጠው ሁለተኛው ትውልድ ሲቪቲ የሚባል አውቶማቲክ ነበረው። ሲቪቲ ማለት እንደ ተራው ካምቢዮ በጥርስ ማርሽ ሳይሆን በሁለት ፑሊና በብረት ቀበቶ የሚሠራ ነው። የራሱ ልዩ ዘይት አለው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከጨመራችሁበት ቀበቶው እየተንሸራተተ ራሱን ይበላል። ኒሳን ራሱ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2010 ለወጡት ሲቪቲ መኪኖቹ የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል አራዝሞ ነበር። ፋብሪካው ዋስትና የሚያራዝመው ደስ ስላለው አይመስለኝም! ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ከሁለተኛው ትውልድ ቪትዝም ሲቪቲ ያለው አለ። ካምቢዮው ሲሞት ግን የቪትዙ ሶማሌ ተራ አለ፤ ለኤክስትሬይሉ እኔ የጠየቅኳቸው ሦስት ነጋዴዎች "በትእዛዝ" ነው ያሉኝ። ዋጋውን ስሰማ ለባለቤቷ ሳልነግር አንድ ቀን አሳደርኩት፤ አሳዘነኝ።

ሱዙኪ ዲዛየር ጥሩ መልስ ነበር። ስሙ የጃፓን ይሁን እንጂ የሚሠራው ሕንድ ነው። 1.2 ሊትር ሞተር፣ ባለ ሰንሰለት፣ ብዙ ውስብስብ ነገር የሌለው። ከተማዋን የሞላት የራይድ ሾፌሮች ስለሆኑ ዕቃውም መካኒኩም ተበራክቷል። እንዲያውም ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ፣ ገንዘቡ ካለው፣ መጀመሪያ እሱን ነበር የምለው፤ መሪው ያልተዛወረ፣ ታሪኩ አጭር የሆነ መኪና ነው። ችግሩ ገንዘቡ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለው መኪና ወርቅ ሆነ። "ለምን የኤሌክትሪክ አትገዛም?" ለምትሉኝ፣ እህቴ የምትኖረው በጋራ ግቢ ውስጥ ነው፤ በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤት ምጣድ የሚያሰካበት ግቢ!

ሁለተኛው ችግር ማንም ያላሰበው ነበር። እህቴ መኪና ልታይ ስትሄድ እንጀራ የምትደረድርበትን ትልቁን ሳፋ ይዛ ነው። ደላላው በድንጋጤ ያያታል። ዲዛየሩ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ሳፋው በአፉ አልገባም። የኤክስትሬይሉ ውስጥ ሦስት ይገባል። ቪትዙ የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ሁለት ይዞ ለሦስተኛው ትንሽ ጎደለ። ባለቤቷ "አየሽ!" ሲል፣ "ሦስተኛውን የምጭነው ለካምቢዮው ለመክፈል ነው?" አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ኤክስትሬይል አልተነሣም።

የመጀመሪያውን ቪትዝ ጋሼ ከኮፈኑ ሥር ብየዳውን አይተው በአንድ ቃል "ተዪው" አሏት። ሁለተኛው ዘይት ይበላል። ሦስተኛውን፣ "ኤንሲፒ 10" ባለ 1.3፣ ማንዋል፣ ብየዳው ንጹሕ የሆነውን ገዛችው። ኤርባጉን አስከፍተን አሳየን። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ሲፈነዱ ብረት እየረጩ ሰው ገድለዋል፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ሄዷል፣ ቶዮታም ቪትዝን ጨምሮ ብዙ መኪና መልሶ ጠርቷል። እዚህ የደረሰውን መኪና ግን በደብዳቤ የሚጠራው የለም። የእህቴ መኪና መሪ ላይ ያለው ኤርባግ… ባዶ ነበር! መሪው ሲዛወር ቀርቷል። ጋሼ "ባዶው ከመጥፎው ይሻላል" አሉ፤ እሷም ቀበቶዋን ሳታስር ሞተር አታስነሣም።

አሁን አራት ወር ሆናት። ባለ መስመር ደብተር አላት፣ ነዳጁን፣ ዘይቱን፣ ኪሎ ሜትሩን ትጽፋለች። እስካሁን ሁለት ጊዜ ዘይትና ፊልትሮ፣ አንድ ጊዜ የፊት ፍሬን ሸራ፣ አንድ አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ አንድ ስፖኪዮ። ስፖኪዮውን የገዛችው የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከሁሉም ጋር ተደምሮ ለታክሲ ታወጣ ከነበረው ግማሹ አልሞላም። ባለቤቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ያጥባታል፤ ረጅም ሰው ስለሆነ ሲቀመጥ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካል።