ስለ ስኳር ሊጥ መዳመጫ መኪና አመራረጥ

መዳመጥ የሚለው ቃል በአገራችን የቆየ ነው። እናቶቻችን ጥጡን ከፍሬው የሚለዩት ቀጭን የብረት ዘንግ በለሰለሰ ድንጋይ ላይ እያንከባለሉ ነበርና፥ ሥራው መዳመጥ፥ መሣሪያውም መዳመጫ ይባል ነበር። ሊጥ በእንጨት ተንከባልሎ ሲሳሳም ይኸው ቃል ያገለግላል። እኛም ዛሬ የምንናገረው የሠርግና የልደት ኬክ የሚለብሰውን፥ የሚያጌጥበትንም የስኳር ሊጥ ስለሚዳምጥ መኪና ነው። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ነገር ግን የእናት ክንድና የልጆች የትምህርት ገንዘብ በርሱ ላይ ሲንጠለጠል ትንሽ አለመሆኑ ይገለጣል።

ባለቤታችን በአዲስ አበባ በቤቷ ሆና በትእዛዝ ኬክ ትሠራለች። ከዚሁ የሚገኘው ገንዘብ ከጸሐፊነት ደመወዛችን ጋራ ተደምሮ የልጆቻችንን የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናል። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደረግ ትእዛዙ ዓመቱን ሙሉ ተካክሎ አይመጣም፤ በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ይከማቻል። ባለፈው ጥር የቀኝ እጅዋ አንጓ አብጦ ወደ ሐኪም ብንወስዳት፥ እጅዋን ካላሳረፈች ሕመሙ እንደሚጸናባት ነገራት። እርስዋም፥ «እርስዎ የሰውን ሁሉ ክርክር ሲመዘግቡ ይውላሉ፤ እስቲ የእኔንም ነገር ይመዝግቡልኝ። ሥራውን ልተው ወይስ መኪና ልግዛ?» አለችን።

ግራ ቀኙን ሳይሰሙ መፍረድ አይገባምና፥ አስቀድመን የሊጡን ጠባይ መረመርን። የስኳር ሊጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፎንዳንት የሚባለው፥ ከዱቄት ስኳር፥ ከግሉኮስ፥ ከጄላቲንና ከግሊሰሪን የሚለወሰው ነው፤ ለስላሳ ሆኖ ስለሚቈይ ኬኩን ያለብሱበታል፥ ውፍረቱም ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል። ሁለተኛው ጋም ፔስት የሚባለው፥ ሙጫ ወይም ታይሎስ የሚባል ዱቄት የሚገባበት ነው፤ ይህ ሲደርቅ ይጠነክራልና አበባ ይሠሩበታል። የአበባው ቅጠል እውነተኛ እንዲመስል ግን ሊጡ ከ1 ሚሊሜትር በታች መሳሳት አለበት። አንድ ኬክ 8 ጽጌረዳ ቢሸከም፥ እያንዳንዱም ጽጌረዳ 15 ቅጠል ቢኖረው፥ 120 ቅጠል ይሆናል። ይህ ሁሉ በእንጨት መዳመጫ እየተጫኑ ሲሠራ እጅን የሚጐዳው የትኛው ሥራ እንደ ሆነ ወዲያው ታወቀን።

ከዚህ በኋላ መኪናዎቹን አየን። እነርሱም ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው በእጅ የሚዞረው፥ ኢጣሊያኖች ለፓስታ ሊጥ የሠሩት ነው። ሁለት የብረት መንኰራኵሮች ትይዩ ሆነው ይዞራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በቍጥር ይጠብባል ይሰፋል። በ1930 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፓዱዋ አጠገብ በካምፖዳርሴጎ ሥራውን የጀመረው ማርካቶ የሚሠራው አትላስ 150 ከነዚህ የታወቀው ሲሆን፥ የሚያወጣው ሊጥ ስፋቱ 15 ሳንቲሜትር ነው። ሁለተኛው ይኸው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞረው ነው፤ ሁለት እጅን ነጻ ያደርጋል፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ጊዜ ሥራው ይቆማል። ደግሞም በአሜሪካ በ120 ቮልት እንዲሠራ የተበጀ ሞተር በአገራችን 220 ቮልት ላይ እንዲሁ ቢሰካ ይቃጠላል። ሦስተኛው በዳቦ ቤት የሚታየው ትልቁ ነው፤ ሊጡ በሰፊ ቀበቶ ላይ ተኝቶ በመንኰራኵሮቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሥራው ያማረ ነው፤ ዋጋውና የሚይዘው ቦታ ግን ለትልቅ ሱቅ እንጂ ለአንድ ወጥ ቤት የሚመች አይደለም።

አንድ ነጋዴ ትንሹን መኪና እያሳየ «ኬኩን ሁሉ በዚህ ያለብሱበታል» ብሎን ነበር። እኛ ግን በወረቀት አሰላነው። ጐኑ ከዳር እስከ ዳር 25፥ ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ኬክ፥ ከላይ 25፥ በግራ 10፥ በቀኝ 10፥ በጠቅላላው 45 ሳንቲሜትር የሰፋ ልብስ ይፈልጋል። 15 ሳንቲሜትር የሚያወጣ መኪና ይህን ሊያለብስ አይችልም፤ ቢቀጣጥሉትም ስፌቱ ይታያል። ስለዚህ ትንሹን መኪና ለልብስ ብሎ የሚገዛ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፤ ትልቁንም ለአበባ ብቻ የሚገዛ እንዲሁ ነው።

ፍርዳችንም እንዲህ ሆነ። ለአበባውና ለጥብጣቡ በእጅ የሚዞረውን ገዛን፤ እጀታውን የበኵር ልጃችን ያዞራል፥ እናቱም ሊጡን ትቀበላለች። ለኬኩ ልብስ ደግሞ ረዥም የእንጨት መዳመጫ ይዘን፥ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች በግራና በቀኝ አስቀምጠን፥ መዳመጫው በነርሱ ላይ ሲንከባለል ሊጡ ሁሉ እኩል ይወጣል። ይህን የምንዳምጠው እኛው ነን፤ ዓርብ ማታ ከፍርድ ቤት ስንመለስ እጅጌያችን በስታርች ነጥቶ ያየን ጐረቤት ቢስቅ አንቀየመውም።

ለመግዛት ያሰቡ አንባቢዎቻችን ይህን ያስተውሉ። መንኰራኵሮቹን በቀጭኑ ቍጥር አድርገው ወደ ብርሃን ቢመለከቱ፥ ክፍተቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት፤ በአንድ ወገን ከሰፋ አይግዙት። እጀታውን አዙረው ጥርሱ እንዳይንቋቋ ያዳምጡ። ማሰሪያው የጠረጴዛዎን ውፍረት መያዙን ይለኩ። የቍጥሩም ነገር በየሠሪው ይለያያል፤ በአንዱ ቍጥሩ ሲጨምር ሊጡ ይሳሳል፥ በሌላው ይወፍራልና ይጠይቁ።

ከገዙም በኋላ ከፋብሪካ የመጣው ዘይት እንዲወጣ የመጀመሪያውን ሊጥ አሳልፈው ይጣሉት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ከሰፊው ቍጥር ወደ ጠባቡ አንድ ጊዜ አይዝለሉ፤ ሊጡ ይጨማደዳል፥ ይቀደዳልም። መኪናውን በውሃ አይጠቡት፥ ይዝጋልና፤ በደረቅ ብሩሽ ያጽዱት። የፓስታ ሊጥም አይዳምጡበት፤ ነጩን ስኳር ያሳድፈዋል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለ ሆነ፥ ተራውን የሚጠብቀው ሊጥ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «መኪና የእጅን ጥበብ ያጠፋል» ይላሉ። እኛ ግን ከፋሲካ ወዲህ ያየነው ሌላ ነው። መኪናው ሊጡን ያሳሳል እንጂ ቅጠሉን አያጥፍም፥ ጽጌረዳውንም አያፈካም፤ ይህ የጣት ሥራ ነው። ባለቤታችን ኃይሏን በመጫን ስትጨርስ የነበረውን አሁን ለጣቷ አትርፋዋለች፤ የአንጓዋም እብጠት ቀንሷል፥ የተቀበለችውንም ትእዛዝ አልመለሰችም።

ስለዚህ መኪና የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የሚደክመው እጅ የማን እንደ ሆነ፥ በየትኛውም ሥራ እንደሚደክም ይወቅ። ከዚያ በኋላ ኬኩን ይለካ፥ የቤቱንም ሰው ይቍጠር፤ እጀታውን የሚያዞር ልጅ ካለ ሞተር መግዛት ግድ አይሆንበትም።