ጥቁር ቀበቶ ለሕፃን ይገባልን?

በደባርቅ ከተማ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን እጁን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ልጁ ቴኳንዶ የሚባለውን የኮርያ የትግል ጥበብ ሲማር ቆይቶ በዚያ ሰሞን ጥቁር ቀበቶ ታጥቆ ነበር። የእናቲቱ ፊት ግን አልፈካም። «የኔታ፤ ይህን ከታጠቀ ወዲህ የጎረቤት ልጅ በእርግጫ መትቶ አፍንጫውን አደማው። ስቈጣው ‹እኔ ጨርሻለሁ፤ ማን ይችለኛል?› ይለኛል። ቀበቶውን ልቀማው ወይስ ልተወው?» ስትል ጠየቀችን።

ነገሩ የራሳችንን ልጅነት ስለ ነካብን መልሱን ወዲያው ልንሰጣት አልቻልንም።

እኛ የተወለድነው ከዳባት ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር ነው። ዳዊት ደግመን የቅዳሴውን ተሰጥዎ በቃላችን ስንይዝ ዐሥር ዓመት አልሞላንም። አባታችን እኛንና አንድ ባልንጀራችንን በጭነት መኪና አሳፍረው ወደ ጎንደር ወሰዱንና ከጳጳስ እጅ ዲቁና ተቀበልን። ስንመለስ መንደሩ በእልልታ ተቀበለን። ይሁን እንጂ ዜማውን እንጂ የተሸከምነውን ሸክም አናውቅም ነበር። ዲያቆን እስኪያገባ ድረስ በንጽሕና መኖር እንዳለበት ተነግሮናል፤ ነገር ግን ይህ ቃል ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምኑ ነው? ባልንጀራችን ቃሉን ሳያውቀው ገባ፤ ባወቀው ጊዜም መጠበቅ ተሳነው። ከዚያ ወዲህ ኀፍረት ይዞት፤ ከአባቱ ጋር በአንድ መሶብ ሳይቀርብ አባቱ ዐረፉ። ዛሬም በበዓል ቀን ከቅጽሩ በር ውጭ ቆሞ ይሳለማል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እኛ ያልወደቅነው ከእርሱ በልጠን አይደለም፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ነው እንጂ።

አባቶቻችን ሕፃናትን ለዲቁና ማቅረብን የለመዱት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፤ አቡነ ማርቆስ ሕፃናትን ሳይቀር ዲቁና ሲሾሙ አይቶ ነገሩን ነቅፏል። የተሰጠውም መልስ፤ ጳጳሱ አርጅተዋል፤ ሌላ ጳጳስም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም የሚል ነበር። ጳጳስ ከግብፅ በሚመጣበት ዘመን አባት ቢቸኩል አይፈረድበትም። በ1921 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ፤ ምክንያቱ አለፈ፤ ችኮላው ግን አብሮ አላለፈም።

ታዲያ ለቀበቶው መቸኮል ምን ምክንያት አለው? ጥቁር ቀበቶን የደረጃ ምልክት ያደረጉት፤ ጁዶን በ1882 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ ናቸው። የመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ ማዕርግ በጃፓንኛ «ሾዳን» ይባላል፤ ትርጕሙም የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ነው። እንግዲህ «ጨርሻለሁ» ያለው ልጅ ገና መጀመሩን የነገረው የለም። በሴኡል የሚገኘው የቴኳንዶ ማዕከል ኩኪዎንም፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ «ዳን» የተባለውን የዐዋቂ ማዕርግ አይሰጥም። «ፑም» የተባለ የልጆች ማዕርግ ይሰጠዋል፤ ቀበቶውም እኩሌታው ቀይ፤ እኩሌታው ጥቁር ነው። ይህ የልጁን ድካም ሳይነፍጉ ለዕድሜው የሚመጥን ስም መስጠት ነው። ነቢዩ ሳሙኤልም ሕፃን ሳለ በመቅደስ አገልግሏል፤ እናቱ ሐና ግን በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት ነበር እንጂ የዐዋቂ ልብስ አላለበሰችውም።

ስለ መመዘኛው ደግሞ የአብነት ትምህርት ቤታችን ያስተምረናል። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የሚማር ሰው ዓመት ቈጥሮ አይመረቅም፤ በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል እንጂ። ወላጆች ሆይ፤ ለቀበቶውም እንዲሁ ሊሆን ይገባል እንላለን። እግሩ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አሠልጣኙ ይመስክር፤ ተሰድቦ እጁን መሰብሰብ መቻሉን ግን ቤቱና ትምህርት ቤቱ ይመስክሩለት።

ለእናቲቱም «እኅቴ፤ ልምምዱን አትከልክዪው፤ ቀበቶውን ግን ከሣጥን አኑሪለት። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላውና ጎረቤት በደኅና ሲመሰክርለት ታጠቅ በዪው። ዛሬ ግን ወዳደማው ልጅ ቤት ይዘሽው ሂጂ» አልናት። ልጁ አለቀሰ፤ ነገር ግን ሄደ።

እኛም ወደ ቤታችን ስንገባ የስምንት ዓመት ልጃችን ዳዊት ሲደግም አገኘነው። አረጋዊው አባታችን ሳይሞቱ የልጅ ልጃቸውን ዲቁና ለማየት መለመን ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ምሽት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠን «አባባ፤ ይማር፤ ያገልግል፤ ማዕርጉ ግን ይቆየው» አልናቸው።

ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «የባልንጀራህን ነገር አስበህ ነው?» አሉን።

«አዎን» አልን።

«እንግዲያስ ይቆይ» አሉ።