ከአረፋው እስከ ብላክስ፦ የሳንዲያጎ ባሕር ማስታወሻ

በቦርድ ማዕበል መጋለብ የሚማር ሰው የት ደረጃ ላይ እንደደረሰ ለማወቅ ዓይኑን መከታተል ይበቃል። ጀማሪ እግሩን ያያል። ትንሽ የገፋበት ከፊቱ የሚነሣውን ውሃ ያያል። የበሰለው ግን ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ አድማሱን ያያል። ሳንዲያጎ ስኖር ከባሕሩ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ ጉልበቱም ሚዛኑም የሚመጡት ዓይንን ተከትለው ነው።

የኛ ሰው እዚህ ከተማ በብዛት የሚገኘው ከባሕሩ ራቅ ብሎ፣ በሲቲ ሃይትስና በኤል ካሆን ቡልቫርድ ዙሪያ ነው። እንጀራው፣ ቡናው፣ ለቅሶውና ሠርጉ እዚያው ነው። ባሕሩ በመኪና ቅርብ ቢሆንም ብዙዎቻችን የምንሄደው ከሀገር ቤት እንግዳ ሲመጣና ፎቶ ለመነሣት ነው። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ዋና የተማርኩት ሶደሬ። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ አዳር እሠራለሁ። ጠዋት ከሥራ ስወጣ እንቅልፍ እንቢ እያለኝ ላ ሆያ ሾርስ ወደሚባለው ዳርቻ መንዳት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ለማየት፣ ኋላ ለመግባት። ያስገባኝ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ልጅ ነው፤ እዚሁ የተወለደ፣ አማርኛው ጥርት ያለ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ባሕር የለመደ ወጣት።

ላ ሆያ ሾርስ ለጀማሪ ይመቻል። ወለሉ አሸዋ ነው፤ የሚጠልቀውም ቀስ እያለ ነው። ከደቡብ የሚመጣውን ኃይለኛ ማዕበል ወደ ባሕር ገባ ያለው የላ ሆያ ኮረብታ ይከልለዋል። የነፍስ አዳኞቹ ማማም ዓመቱን ሙሉ ሰው አያጣም። የጀማሪ ቦርድ ላዩ ለስላሳ ስፖንጅ የሆነ፣ 8 ወይም 9 ጫማ የሚረዝም ነው። ውሃው በብርዱ ወራት ወደ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚወርድ ገላ ላይ ልክክ የሚል የጎማ ልብስ ይለበሳል፤ ደረቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር፣ እጅና እግሩ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው። በሙቀቱ ወራት ውሃው 20 ዲግሪን ስለሚያልፍ ከዚያ የሳሳው ይበቃል።

ሲገባ እግር አይነሣም፤ አሸዋውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ የሚተኛ፣ ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። የሚጎተት እግር ሲሰማው ይሸሻል፤ የረገጠውን ግን በጅራቱ እሾህ ይወጋል። ለተወጋ ሰው የመጀመሪያው ርዳታ ቆዳ የሚችለውን ያህል የሞቀ ውሃ ውስጥ እግሩን መንከር ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ትምህርት ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ማዕበሉ ከተሰበረ በኋላ በሚገፋው ነጭ አረፋ ላይ ነው። ቦርዱ ላይ በደረት ይተኛሉ። ወደ ፊት ካበዙት አፍንጫው ይጠልቃል፤ ወደ ኋላ ካበዙት ማዕበሉ ጥሎ ያልፋል። አረፋው ሲገፋ መዳፍን ከጎድን አጥንት አጠገብ ተክሎ፣ ደረትን ቀና አድርጎ፣ ሁለቱን እግር በአንድ ጊዜ ከሥር ማስገባት ነው። በጉልበት ተንበርክኮ መነሣት የለመደ ሰው ልማዱን ለመተው ብዙ ይቸገራል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ባይለምደው ይሻላል። ልጁ አጠገቤ ቆሞ የሚጮኸው ግን ሌላ ነገር ነበር፦ «ጋሼ፣ እግርህን አትይ! እግርህ የትም አይሄድም። ማማውን እይ!» ማማውን ሳይ ቦርዱ ወደ ማማው ይሄዳል። አንገት ሲቀረቀር ክብደት ወደ ፊት ይደፋል፣ ቦርዱም አፍንጫውን ይሰካል። አንገት ቀና ሲል ወገብ ይረጋል።

ከአረፋው ወጥቶ ያልተሰበረውን ማዕበል መያዝ ሌላ ትምህርት ነው። ለዚህ ፓሲፊክ ቢች ሰሜን ጫፍ ላይ ያለው ቱርማሊን ይመረጣል። ዋናተኛ የማይገባበት፣ ለጋላቢዎች ብቻ የተለየ ዳርቻ ነው፤ ማዕበሉም ከሩቅ ጀምሮ በዝግታ ነው የሚሰበረው። ፀጉራቸው የሸበተ ወንዶችና ሴቶች ረጃጅም ቦርዳቸውን በብብታቸው ይዘው ማለዳ ሲወርዱ ማየት ደስ ይላል። እዚህ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመቅዘፍና በመጠበቅ ነው፤ ቆሞ መሄዱ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ትከሻው ያልጠነከረ ሰው የቱንም ያህል ቢያውቅ ወደ ውስጥ አይደርስም።

ማዕበል የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ወደ ማዕበሉ ቁመት ሲቃረብ፣ 1.3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። ስለዚህ ትልቁ ራቅ ብሎ፣ ትንሹ ቀረብ ብሎ ይሰበራል፤ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ደግሞ ቦታው ይለዋወጣል። ማዕበሉ በደህና ቀን ሙሉውን በአንዴ አይፈርስም። ከፍ ያለው ጫፉ ቀድሞ ይሰበርና ወደ ጎን ይቀጥላል፤ ገና ያልተሰበረው ክፍል ትከሻ ይባላል። ጋላቢው ከመነሣቱ በፊት ትከሻው በየት በኩል እንደሆነ ለይቶ ቦርዱን ወደዚያ ማዘንበል አለበት። ልጁም «አሁን ማማውን እርሳው፤ ትከሻውን እይ» አለኝ። ትከሻውን ማየት የጀመርኩ ዕለት ቀጥታ ወደ ዳር መወርወሩ ቀርቶ ማዕበሉን ጎን ለጎን እየተከተልኩ ረጅም መንገድ መሄድ ቻልኩ። ከዚያ የሚበልጥ ደስታ በስደት ኑሮዬ ውስጥ ጥቂት ነው ያየሁት።

በኔ ግምት የዚህ ደረጃ ዋናው ፈተና ግን መታጠፍ ሳይሆን ቅድሚያ መስጠት ነው። በአንድ ማዕበል ላይ ለሚሰበረው ጫፍ የቀረበው ሰው ባለ መብት ነው፤ ሌላው ቀዘፋውን ያቆማል። ሕጉን የሚያስከብር ፖሊስ የለም፤ ሁሉም ግራና ቀኙን ማየት አለበት። 9 ጫማ ቦርድ ይዞ ጎኑን የማያይ ሰው አጋላለቡ ቢያምርም ገና ጀማሪ ነው፣ የሰው ጥርስም ሊሰብር ይችላል።

ቀጣዩ ደረጃ የሚጀምረው ቤት ቁጭ ብሎ ነው። ስክሪፕስ የሚባለው የውቅያኖስ ጥናት ተቋም እዚሁ ላ ሆያ ነው ያለው፤ ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፉ መለኪያዎቹ ሦስት ነገር ይነግራሉ፦ የማዕበሉን ቁመት፣ የመጣበትን አቅጣጫ፣ በአንዱና በቀጣዩ መካከል ያለውን ሰከንድ። ጀማሪ ቁመቱን ብቻ ያነባል። የገባው ሰው ሰከንዱን ያነባል። ቁመታቸው እኩል 1 ሜትር የሆነ፣ አንዱ በ8 ሰከንድ ሌላው በ16 ሰከንድ የሚመጣ ሁለት ማዕበል ቢኖር አንድ አይደሉም። የ8 ሰከንዱ የቅርብ ነፋስ ያነሣው ነው፤ ኃይሉ እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ገደማ ብቻ ይደርሳል። የ16 ሰከንዱ ከሩቅ ዐውሎ ነፋስ የመጣ ነው፤ ወደ 200 ሜትር ጥልቀት ድረስ ውሃውን ያንቀሳቅሳል፤ ዳር ሲደርስ ቁመቱ ከተጻፈው ይበልጣል።

ይህን ዕውቀት ለዓለም ካበረከቱት ሰዎች መካከል ዋልተር መንክ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1917 ቪየና ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ አሜሪካ የመጡ ሰው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመምህራቸው ከሃራልድ ስቨርድሩፕ ጋር የማዕበል ትንበያ ዘዴ ቀየሱ፤ በ1944 ጦር ኖርማንዲ ዳርቻ ላይ የወረደበት ዘመቻም በዚሁ ዘዴ ታግዟል። በ1963 ደግሞ ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ 6 መለኪያ ጣቢያ ዘርግተው፣ በአንታርክቲካ ዙሪያ በተነሣ ዐውሎ ነፋስ የተወለደ ማዕበል ሰላማዊ ውቅያኖስን ሙሉ አቋርጦ እንደሚጓዝ አሳዩ። የ16 ሰከንድ ማዕበል በጥልቅ ባሕር ላይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቱርማሊን ላይ ማለዳ የምይዘው የደቡብ ማዕበል ከአንድ ሳምንት በላይ መንገድ ላይ የነበረ፣ እኔ ያለፈውን ሳምንት አዳር ስሠራ የተነሣ ነው። መንክ በ2019 በ101 ዓመታቸው አርፈዋል፤ ላ ሆያ ሾርስ ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ በስማቸው ተሰይሟል። ከሌላ ሀገር መጥቶ የአንድን ባሕር ቋንቋ ለባሕሩ ሰዎች ማስተማር ትልቅ ነገር ነው፤ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር አስባቸዋለሁ።

የላይኛው ደረጃ ብላክስ ነው። ከላ ሆያ ሾርስ በስተ ሰሜን፣ ወደ 90 ሜትር ከሚጠጋ ገደል ሥር ያለ ዳርቻ ነው፤ ቦርድ ተሸክሞ በእግር ይወረዳል። ኃይሉ የሚመጣው ከባሕሩ ሥር ካለው ስክሪፕስ ሸለቆ ነው። ማዕበል በጥልቅ ውሃ ይፈጥናል፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይዘገያል። በሸለቆው ላይ ያለው ክፍል ቀድሞ፣ በጎኑ ያለው ዘግይቶ ሲሄድ ማዕበሉ ይታጠፍና ጉልበቱ ከሸለቆው ጎን ባለው አሸዋ ላይ ይከማቻል። ለዚህ ነው ሾርስ ላይ ጉልበት የሚደርስ ማዕበል ባለበት ዕለት ብላክስ ላይ ከራስ በላይ የሚቆመው።

እዚህ የሚገባ ሰው አጭር ቦርድ ይዞ ከሚሰበረው ውሃ ሥር መጥለቅ፣ ከማዕበሉ ግርጌ መታጠፍ፣ ትከሻው ላይ ርቆ ሲወጣ ተመልሶ ወደ ጉልበቱ መምጣት መቻል አለበት። አጭር ቦርድን በተመለከተ የብዙ ወጣቶች ችኮላ ያሳስበኛል። ቦርዱ ባጠረ ቁጥር ማዕበል መያዝ ይከብዳል፤ ማዕበል ያልያዘ ደግሞ አይማርም። ስቲቭ ሊስ እዚሁ ሳንዲያጎ በ1967 የሠሩት፣ ፊሽ የሚባለው ሰፋ ያለና ጅራቱ የተሰነጠቀ ቦርድ ለመሸጋገሪያ ጥሩ ነው። እኔ ብላክስ የምገባው ትንሽ በሆነ ቀን ነው። ትልቅ ሲሆን ገደሉ ላይ ቁጭ ብዬ የሚችሉትን አያለሁ፤ የት እንደሚጠብቁ፣ የትኛውን እንደሚያሳልፉ። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ከሚይዘው የሚያሳልፈው ይበልጣል።

«ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አይደለም። መነሻው የፖሊኔዥያ ሕዝብ ነው። በአፍሪካም በ1640ዎቹ ዛሬ ጋና በምትባለው ሀገር ጠረፍ ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ማዕበል ላይ ይጫወቱ እንደነበር አንድ ጀርመናዊ ተጓዥ ጽፎ አልፏል። ለካሊፎርኒያ ሰው ያስተዋወቁት ጆርጅ ፍሪዝ በ1907 ከሃዋይ የመጡ ክልስ ነበሩ፤ በ1919 ሳንዲያጎ ውስጥ ያረፉት እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው በዚያው ወረርሽኝ ነው። ጥቁር ሰው ከብዙ ዳርቻ በሚገፋበት ዘመን ኒክ ጋባልዶን ሳንታ ሞኒካና ማሊቡ ላይ ሲጋልብ ኖሮ በ1951 በማሊቡ የባሕር ድልድይ ምሰሶ ተመትቶ ሞቷል። ባሕሩ ለኛ ልጆች ባዕድ አይደለም።

ስለዚህ ሳንዲያጎ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን መጀመሪያ ዋና አስተምሯቸው፤ ዋና የማይችል ልጅ ቦርድ አይያዝ። ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረት ከያዛቸው ሳይታገሉት ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኙ እንዲወጡ ንገሯቸው። ከዚያ በሙቀቱ ወራት ለስላሳ ቦርድ ተከራይታችሁ፣ ከነፍስ አዳኞቹ ማማ ፊት ለፊት፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ አስጀምሯቸው፤ እናንተም አብራችሁ ግቡ። ላ ሆያ ሾርስ ላይ፣ ኬሎግ ፓርክ ጎን ያለው መኪና ማቆሚያ ቶሎ ስለሚሞላ ማለዳ ድረሱ።